ከክረምት በፊት የቤትን ክዳን ስለ ማደስ

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከጣርማ በር ተራራ ሥር በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን የሚመጣ መንገደኛ፥ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ያሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ውጭ በወጣ ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው ጉም ነው። የቆላው አየር ሞቆ ገደሉን እየታከከ ይወጣል፤ ከፍ ባለ ቍጥር ይበርዳል፤ በበረደም ጊዜ የተሸከመው እርጥበት ወደ ጉምና ወደ ዝናብ ይለወጣል። ስለዚህ በዚህ አገር ክዳኑ የተበላሸ ቤት ከሰማይ የሚወርደውን ውሃ ብቻ ሳይሆን በየቀዳዳው የሚገባውን ጉም ጭምር መቻል አለበት።

ክረምት የሚባለው ጊዜ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። ዝናቡም የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ነገር ግን በዚህ በኩል ላለው ሰው ክረምት ሳይታሰብ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው የበልግ ዝናብ አስቀድሞ ይመጣና ቤቱን ይፈትነዋል። ብልህ ባለቤት በበልግ ሌሊት ጠብታ በሰማ ጊዜ መኝታውን ወደ ሌላ ጥግ ስቦ አይተኛም። ተነሥቶ ጠብታው ያረፈበትን ስፍራ በከሰል ወይም በድንጋይ ምልክት ያደርግበታል። በማግሥቱም ጠዋት በሩንና መስኮቱን ዘግቶ በጨለማው ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ ይመለከታል፤ ብርሃን በገባበት ሁሉ ውሃም መግባቱ አይቀርምና። ነገር ግን ውሃ በገባበት ቀጥታ አይወርድም፤ ወራጁን ተከትሎ ሄዶ ሌላ ስፍራ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ቀዳዳው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከጠብታው በላይ ወደ ጉልላቱ በኩል ነው።

የሣር ክዳን ውሃን እንዴት እንደሚከለክል የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። የሣር ክዳን እንደ ጋን የተደፈነ አይደለም። ውሃው ከአንዱ ሣር ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እየተቀባበለ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ አያገኝም። በደንብ በተከደነ ቤት ቀኑን ሙሉ ቢዘንብ እንኳ የሚርሰው የላይኛው ድርብ ብቻ ነው፤ ከሥር ያለው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ይህም የሚሆነው ጣሪያው ሾጠጥ ያለ እንደ ሆነ ነው። ሣር ለማትረፍ ብሎ ጣሪያውን ያዘቀዘቀ ሰው ውሃው በክዳኑ ላይ ስለሚዘገይ በጥቂት ዓመት ውስጥ ክዳኑ ሁሉ ይበሰብስበታል። የምድጃውም ጭስ፥ ዐይንን ቢያስለቅስም፥ ክዳኑን ከውስጥ እያደረቀ ትልን ያርቅለታል። ሰው ያልኖረበት ቤት ቶሎ የሚያፈስበት አንደኛው ምክንያት እሳት ስለማይነድበት ነው።

ለክዳን የሚሆን ሣር ደግሞ በግንቦት ተፈልጎ በግንቦት የሚገኝ አይደለም። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ደጋ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጓሳ የሚባል ምድር አለ። ስሙንም ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። ሣሩ ቀጭንና ጠንካራ ስለ ሆነ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና እረኛ በዝናብ ጊዜ ለሚደርበው ገሳ ይሆናል። ያገሩ አፈ ታሪክ እንደሚናገረው፥ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይህን ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። አለቆች መርጠው አንዳንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ምድሩን ይዘጉታል፤ በዚያም ጊዜ ማንም ሰው ማጭድ ይዞ አይገባም፥ ከብትም አያሰማራም። ሣሩ ከበሰለ በኋላ በበጋ ቀን ተቈርጦ ይከፈትና ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ሰው ዘንድሮ የሚከድነው ሣር ከሦስት ዓመት በፊት ሳያጭድ የተወው ሣር ነው ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የርስቱ ሥርዓት ስለ ተለወጠ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ጊዜው ይታጨድ ጀመር። በኋላ ግን ገበሬዎቹ ዐዲስ ደንብ አውጥተው መጠበቁን እንደ ገና ያዙ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ዛሬ በዚያው ይኖራሉ።

ክዳን ሲታደስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዐዲሱን ሣር በበሰበሰው ላይ በመጣሉ ነው። ይህ የቆሰለን ገላ ሳያጥቡ በጨርቅ እንደ መሸፈን ያለ ነው። የበሰበሰው ሣር ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ዐዲሱንም ከሥሩ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ አስቀድሞ የጠቆረውንና በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈረውን ሁሉ አውጥቶ መጣል ያስፈልጋል። ማገሩም ነቅዞ እንደ ሆነ መለወጥ ነው። ከዚህ በኋላ ከክፈፉ ተጀምሮ ወደ ላይ እየተደረበ ይከደናል፤ የላይኛው ድርብ የታችኛውን ማሰሪያ መሸፈን አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ጉልላቱ ነው፤ የሣሩ ጫፍ ሁሉ በዚያ ይገናኛልና። አባቶች ሥሩ የወጣለትን አሮጌ ገንቦ በጉልላቱ ላይ ደፍተው ያስሩት የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

ይህ ሥራ በግንቦት ካላለቀ በሰኔ አይያዝም። በሰኔ በሬውም ሰውም በእርሻ ላይ ነው፤ ጎረቤትም ለደቦ ቢጠራ አይመጣም። እርጥብ ሣር የከደነ ሰውም ሳያፈስ ያበሰብሳል። «ዘንድሮን እንደ ምንም ይለፍልኝ» የሚል ባለቤት የሚያጣው ምን እንደ ሆነ ቢቈጥረው መልካም ነበር። መጀመሪያ የግድግዳው ጭቃ ይርሳል፤ ቀጥሎ የምሰሶው ራስ ይበሰብሳል፤ በመጨረሻ ውሃው ጎተራው ዘንድ ይደርሳል። የረጠበ ገብስ በጎተራ ውስጥ ይሞቃል፤ ይበቅላል ወይም ይሻግታል። ለምግብ የነበረው ቢበላሽ ጎረቤት ያበድራል፤ ዘር የነበረው ከተበላሸ ግን የሚመጣው ዓመት አብሮ ተበላሸ። ሚስትም «አያ፥ ያን ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ቢሠሩበት ኖሮ» ብትለው የሚመልስላት የለውም። በደቦውም ቢሆን ተራ ሲወጣ ባል የሞተባት ሴት ቤት መጀመሪያ ቢከደን ይገባል፤ እርስዋ ጣሪያ ላይ የሚወጣላት ሰው የላትምና፥ ሌላው ግን ቢዘገይም ልጆቹን ይዞ ራሱ ይወጣል።

ዛሬ በከተማው አብዛኛው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ቆርቆሮ በየጥቂቱ ዓመት ሣር ከመፈለግ ያድናል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በብርድ ቀን ቤቱን እንደ ሣር አያሞቅም፤ በረዶ በወረደ ጊዜም በውስጡ መነጋገር አይቻልም። ጥንቃቄውም አይቀርም። ሚስማሩ በቆርቆሮው ሸንተረር ጀርባ ላይ ይመታል እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም። ከሚስማሩ ራስ ሥር ላስቲክ ይደረጋል። ሲደራረብም አፉ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ዞሮ መሆን አለበት። ዝገት የጀመረው ስፍራ ሳይበሳ ተፍቆ ቀለም ይቀባል። ቅጠል የሞላበት አሸንዳም ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋልና በግንቦት ይጠረግ።

ከክፈፉ የወረደው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ማሰብ ያስፈልጋል። የደብረ ሲና ምድር ዳገት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከከተማው አጠገብ በይዛባ ወይን በኩል መሬቱ ከነቤቱና ከነእርሻው ተንሸራቶ ብዙ ሰው ያለ መኖሪያ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ነገር የአንድ ቤት ቦይ ሊያግደው አይችልም። ሆኖም በቤቱ ዙሪያ የሚቈፈረው ቦይ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ወደ ጎረቤት ግቢም አይመለስ፤ በድንጋይ ተደልድሎ እስከ ወንዙ ፈሰስ ድረስ ይድረስ። በላይ ያለ ሰው ቦዩን በቈፈረ ጊዜ በታች ያለውን ጠርቶ መንገዱን አብረው ያያሉ።