የተለጠፈ ከመነዳሪ ለምን ይለቃል?

ፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሊምፒክና በዊትወርዝ መካከል ያለው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በሎስ አንጀለስ ከተማ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰየመ። በርበሬውም ቡናውም እዚያ አለ። እንደ ባሕር ዳር ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚለጥፍ ጎሚስታ ግን አይጠበቅም፤ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ራሱ መቻል አለበት።

የዚያ አገር ብስክሌተኛ ዋና ጠላት ኩርንችት ነው። አዎ፣ አገር ቤት በባዶ እግራችን የረገጥነው! አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሬውንና ግንዱን የሚበሉ ነቀዞች ከውጭ አስመጥተው ለቀቁበት፤ እሾሁ ግን ዛሬም አለ። የተሰበረ ጫፉ የውጩ ጎማ ውስጥ ከቀረ የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብትለጥፉ በማግስቱ መልሶ ይበሳዋል። የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ አብሱት፤ እሾሁ ጨርቁን ይይዘዋል።

ከመነዳሪውን ነፍታችሁ ውኃ ውስጥ ስትነክሩት አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ እሾህ አይደለም፤ አየር ጎድሎት ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬው ነክሶታል። ከመንፊያው ሥር ከተቀደደ አትልፉ፣ አዲስ ግዙ።

ቀዳዳውን አድርቃችሁ ከልጣፉ ሰፋ ያለ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፤ አብረቅራቂው ፊት እስኪደበዝዝ። ከፋብሪካ የመጣ ከፍ ያለ መስመር ካለ አስተካክሉት፤ ካልሆነ አየሩ በጎኑ ያመልጣል። ከዚያ በጣት አትንኩት።

አሁን ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ጠብቁ። አብዛኛው ልጣፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ እንደ ወረቀት ሙጫ በርጥቡ አይደለም የሚይዘው፤ ማሟሟያው ተንኖ ካለቀ በኋላ ከልጣፉ የታች ሽፋን ጋር በኬሚካል ይዋሐዳል። አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት፣ ርጥበቱ ጠፍቶ ይደብዝዝ። እፍ አትበሉበት፤ ትንፋሽ እርጥበት ነው። ልጣፉን ከመሐል ወደ ዳር በማንኪያ ጀርባ በኃይል ተጫኑት። ላዩ ላይ ያለችውን ስስ ላስቲክ አትንጩ፤ ዳሩን ይዛ ትነሣለች። ለሙከራ ብላችሁም ከጎማው ውጭ አብዝታችሁ አትንፉ፤ ከመነዳሪው ሲለጠጥ ልጣፉ ይለቃል።

ማስቲሽ የማይፈልገው ተለጣፊ ቤት ለመድረሻ እንጂ ለወራት አይሆንም። የተከፈተ ማስቲሽም በቱቦው ውስጥ ይደርቃልና ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ጨመቅ አድርጋችሁ እዩት።