ከሰል መርዝ ይይዛል፤ ግን የትኛው ከሰል? የትኛውን መርዝ?

ዊንጌት አካባቢ አንድ ሰው በረኪና ወይም ፀረ ተባይ ጠጣ ከተባለ ጎረቤቱ የሚሮጠው ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ከሰል ፈጭታችሁ በጥብጡለት» የሚል ግን አይጠፋም። ምክሩ የመጣው ከእውነት ጫፍ ነው፤ ሐኪሞችም ለአንዳንድ መመረዝ ከሰል ይሰጣሉ። የተቀረው ተረት ነው።

ተረት፦ ከሰል መርዝን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል።
እውነታ፦ ስፖንጅ ፈሳሹን ራሱን ይስባል። ከሰል ግን በፈሳሹ ውስጥ የሟሙ ሞለኪውሎችን በገጹ ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ ወሳኙ የገጹ ስፋት ነው። የ1 ግራም የመድኃኒት ከሰል ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግድግዳ ቢዘረጋ 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ተረት፦ የምድጃ ከሰልም ያው ነው።
እውነታ፦ አይደለም። በሆስፒታል የሚሰጠው አክቲቬትድ ቻርኮል በከፍተኛ ሙቀት፣ በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ቀዳዳዎቹ የተከፈቱለት ነው። ቡና የምናፈላበት ከሰል በዚህ ሂደት አላለፈም፤ መርዝ የሚለጠፍበት ገጹ ትንሽ ነው።

ተረት፦ አንዴ የተለጠፈ ሞለኪውል ካለበት አይነቃነቅም።
እውነታ፦ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ደካማ ስበት ስለሆነ ይላቀቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብርሃን የሚሰጡ ሞለኪውሎችን በፈሳሽ ውስጥ ባለ ጠጣር ነገር ገጽ ላይ አንድ በአንድ ተከታትለዋል። ሞለኪውሉ ገጹ ላይ ጥቂት ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ፈሳሹ ዘሎ ሌላ ቦታ ላይ መልሶ ያርፋል። ለመመረዝ የሚሰጠው ከሰል ከመርዙ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ለአዋቂ በተለምዶ 50 ግራም ይሰጣል። አንዱ ቦታ ቢለቀው ሌላው ይቀበለዋል።

ተረት፦ ለመርዝ ሁሉ ይሆናል።
እውነታ፦ አልኮል፣ የአይረን ክኒንና ሊቲየም ከሰል ላይ እምብዛም አይለጠፉም። በረኪና ለጠጣም አይሰጥም፤ ጉዳቱ ቃጠሎ ነው፣ ጥቁሩ ዱቄት ደግሞ ሐኪሙ ጉሮሮውን በኢንዶስኮፒ እንዳያይ ይጋርደዋል። ራሱን የሳተ ሰው ከተጋተው ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። በሚያገለግልበት መርዝ እንኳ ይበልጥ የሚጠቅመው መርዙ በተዋጠ በ1 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ከሰል ሲፈጭ የሚባክነው ደቂቃ ከሕክምናው ጊዜ ላይ የሚቀነስ ነው። በሽተኛውን ምንም ሳታጠጡ ወደ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት፤ የጠጣበትን ጠርሙስ ወይም የክኒኑን መያዣም ያዙ። ሐኪሙ ከሰል ይሰጥ አይሰጥ የሚወስነው ምን እንደተጠጣና መቼ እንደተጠጣ ሲያውቅ ነው።