የዓሣ ገንዳችን ማሞቂያ፦ ከመግዛታችን በፊት ምን እንወቅ?

በዚህ ወር የቤተሰብ ዓምዳችን በመጠኗ ትንሽ፣ ጥንቃቄ ከጎደላት ግን ሕይወት ስለምታስከፍል የቤት ዕቃ ልናወጋችሁ ወደድን። ይህች ዕቃ የዓሣ ገንዳ ወይም የአኳሪየም ማሞቂያ ናት። «ለጥቂት ዓሦች ይህን ያህል ወሬ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ታሪክ ያንብብልን።

ባለፈው ኅዳር ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ወደሚኖር አንድ ቤተሰብ ለዚያራ ሄደን ነበር። በሳሎኑ ጥግ 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። በውስጡ ያሉት ጉፒዎችና ኒዮኖች ግን እንደ ወትሮው አይሯሯጡም፤ ክንፎቻቸውን ሰብስበው ከሥር ተኝተዋል። የዘጠኝ ዓመቱ የቤቱ ልጅ ምግብ ሊበትንላቸው እጁን ሲሰድ በድንገት ሳበውና «አባዬ፣ ውሃው ነዘረኝ!» አለ። አባትየው መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ልጁ ደግሞ ሲናገር ግን ተነሥቶ ሶኬቱን ነቀለ። ማሞቂያው ወጥቶ ሲታይ የመስታወት ቱቦው እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ አልተጎዳም። እግሩ ባዶ፣ ወለሉም እርጥብ ቢሆን ኖሮስ?

ማሞቂያ ለምን አስፈለገ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች የውጭው ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ እሳት በሌለበት ክፍል ያለ ውሃም ንጋት ላይ 16 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል። ጉፒ፣ ኒዮንና መሰሎቻቸው ግን የሞቃት አገር ዓሦች በመሆናቸው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ብርድ ሲጸናባቸው ምግብ ይተዋሉ፣ በሽታን የመቋቋም ኃይላቸውም ይደክማል። በአንጻሩ ጎልድፊሽ የሚባለው ወርቃማ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚስማማው ማሞቂያ አያሻውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ማሞቂያ ልግዛ?» ሳይሆን «ዓሣዬ የየት አገር ነው?» የሚል ይሁን።

ሲበዛ ይጎዳል

ብዙዎቻችን ትልቁ ማሞቂያ የተሻለ ይመስለናል። ይህ ስሕተት ነው። በማሞቂያው ውስጥ ያለው ቴርሞስታት ሙቀቱ ሲበቃ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ዕቃው ሲያረጅ ግን መቁረጫው ተጣብቆ ሳያቋርጥ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ባለ 200 ዋት ማሞቂያ 60 ሊትር ውሃን በየሰዓቱ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል፤ ቤተሰቡ ተኝቶ እስኪነሣ ዓሦቹ አልቀዋል። ባለ 50 ዋቱ በተመሳሳይ ሁኔታ በሰዓት 1 ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

በመሆኑም ለእኛ አየር ለ60 ሊትር ገንዳ በድምሩ 100 ዋት ያህል ይበቃል። እሱንም በአንድ ማሞቂያ ከማድረግ ሁለት ባለ 50 ዋት መግዛት ይሻላል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይደግፋል፤ አንዱ ሳይቆርጥ ቢቀርም ውሃውን ቶሎ አያፈላውም። ሌላም ምክንያት አለ፦ ውሃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በከተማችን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ ያነሰ ነው።

ሲገዙ ምን ይታያል?

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ ነባር ሱቆች ሲነሡ ብዙዎቻችን የለመድነውን ባለሱቅ አጥተናል። እንግዲህ ገዢው ራሱ ማየትን ይልመድ።

አንደኛ፣ ቮልቱን ያንብቡ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ባለ 120 ቮልት ማሞቂያ እዚህ ሲሰካ ከተጻፈበት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ያወጣና ይቃጠላል።

ሁለተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚገባ መሆኑን፣ ዋቱና ዝቅተኛው የውሃ መስመር በላዩ መጻፋቸውን ይመልከቱ። ጽሑፍ የሌለበትን አይግዙ።

ሦስተኛ፣ ገመዱ ወፍራም፣ የገባበትም ጎማ ያልላላ ይሁን። ለሻይ ውሃ የሚፈላበትን ጥምዝምዝ ብረት በዓሣ ገንዳ መጠቀም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

አራተኛ፣ ለብቻው ቴርሞሜትር ይግዙ። የማሞቂያው ቁጥር ሁልጊዜ እውነት አይናገርም።

ቤት ከገባ በኋላ

ማሞቂያው ውሃ ውስጥ ከገባ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይሰካ። ውሃ ሲቀየር ደግሞ አስቀድሞ ተነቅሎ ሌላ 20 ደቂቃ ይቆይ፤ የጋለ መስታወት ከውሃ ሲወጣ ይሰነጠቃልና። በዚያ ቤት የሆነውም ይኸው ነበር። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይበል፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ከዚያ ይወርዳል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። የሚቻል ከሆነ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በቅጽበት የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ይገጠም። ተራው ብሬከር ሽቦን ከቃጠሎ ያድናል እንጂ ሰውን ከንዝረት አያድንም። ከሁሉ በላይ ሶኬቱ ሳይነቀል ማንም እጁን ገንዳ ውስጥ አያስገባ፤ ይህ የቤት ሕግ ይሁን።

መብራት ሲጠፋስ? ማሞቂያውን ንቀሉ፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ጠቅልሉ፤ ለዓሦቹም ምግብ አትስጡ። ጥፋቱ ከረዘመ ለብ ያለ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በደንብ ከድናችሁ አንሳፉበት። መብራት ሲመለስ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይውጣ፤ አትቸኩሉ።

ለወጪው ብዙ አያሳስብም። 100 ዋት ማሞቂያ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል።

ያ ቤተሰብ ዛሬ ሁለት ትንንሽ ማሞቂያዎች አሉት። ልጁም እጁን ከማስገባቱ በፊት «ተነቅሏል?» ብሎ አባቱን ይጠይቃል። ወላጆች ሆይ! በቤታችን ያስገባነው ነፍስ ሁሉ አማና ነው። ለዓሣው ስንጠነቀቅ የምንጠብቀው ልጃችንንም መሆኑን አንዘንጋ።