ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል ማለት ለምን አይበቃም?

ኮምፒውተር ሳይንስ ሊማር የገባ ተማሪ ዲስክሪት ማቲማቲክስ ሲጀምር ግር ይለዋል። ኮድ ልጽፍ መጥቼ ይህ ሁሉ ማረጋገጫ ለምኔ ነው ይላል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የለመደው ሒሳብ ቀመር ይዞ መልስ ማውጣት ነበር፤ እዚህ ግን መልሱን ሰጥተውት «እውነት የሆነበትን ምክንያት አሳይ» ይሉታል። ለዚህ ቅሬታ ጥሩ መልስ ያገኘሁት በአሜሪካው ኤምአይቲ ለዚሁ ኮርስ በተዘጋጀው «ማቲማቲክስ ፎር ኮምፒውተር ሳይንስ» ውስጥ ነው። ጸሐፊዎቹ ኤሪክ ሌማን፣ ቶም ሌይተንና አልበርት ሜየር ናቸው።

መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀላል ቀመር ያቀርባል። አንድ ቁጥር ውሰዱ፣ በራሱ አባዙት፣ ያንኑ ቁጥር ደምሩበት፣ ከዚያ 41 ጨምሩ። በ0 ሲጀመር 41 ይወጣል፤ በ1 43፣ በ2 47፣ በ3 53። ሁሉም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። እስከ 39 ድረስ አንድም አያፈነግጥም። 40 ላይ ግን 1681 ይመጣል፤ ይህም 41 በ41 ተባዝቶ የሚገኝ ነው። አርባ ጊዜ ሞክሮ «ይሠራል» ያለ ሰው ተሸውዷል። ቆም ብሎ ያሰበ ግን አንዴም ሳይሞክር 41 ላይ እንደሚፈርስ ያውቃል፤ የሚደመሩት ሁሉ ለ41 ይካፈላሉና።

ከሁሉ የምወደው ስለ ማጣመር የሚያወራውን ክፍል ነው። ነገሩ ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ካሳተሙት ጽሑፍ የመጣ ነው። እኩል ቁጥር ያላቸው ወንዶችና ሴቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ወገን በሙሉ በምርጫው ቅደም ተከተል ጽፏል። ከተጋቡ በኋላ ሁለት ሰዎች «ከያዝኳት አንቺ ትሻዪኛለሽ»፣ «ከያዝኩት አንተ ትሻለኛለህ» ተባብለው ትዳራቸውን ጥለው እንዳይሄዱ አድርጎ ማጣመር ይቻላል?

ይቻላል። እያንዳንዱ ወንድ በዝርዝሩ አናት ያለችውን ይጠይቃል። ሴቲቱ ከጠያቂዎቿ የሚሻላትን ታቆያለች፣ ሌሎቹን ትመልሳለች። የተመለሰው ስሟን ሰርዞ ወደሚቀጥለው ስም ይሄዳል። ሥራው ማለቁ አይቀርም፤ በየዙሩ ቢያንስ አንድ ስም ይሰረዛል፣ የሚሰረዙት ስሞችም ማለቂያ አላቸው። ጋብቻውስ ይጸናል? አንድ ባል ከሚስቱ ይልቅ ሌላ ሴት ይመርጣል እንበል። እንግዲያው ያችን ሴት ቀደም ብሎ ጠይቋታል፣ የመለሰችውም የሚሻላት ስለመጣ ነው። እሷ የያዘችውን የምትለቀው ለሚሻል ብቻ ስለሆነ በመጨረሻ ያገባችውም ከእሱ ይበልጥባታል። አብራው የምትሄድበት ምክንያት የለም።

ይህ ማረጋገጫ ለ5 ጥንዶችም ለ5 ሚሊዮንም ያው ነው፤ ፕሮግራሙን በማስኬድ ብቻ እንዲህ ያለ እርግጠኝነት አይገኝም። መጽሐፉ አክሎ አንድ የማይጠበቅ ነገር ያረጋግጣል፦ በዚህ አሠራር ጠያቂው ወገን በሚጸና ጋብቻ ሊያገኝ ከሚችለው ሁሉ ምርጡን ያገኛል፣ ተጠያቂው ደግሞ ዝቅተኛው ይደርሰዋል። አሜሪካ ስፔሻላይዝ ማድረግ የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች «ማች» እያሉ በየመጋቢቱ ውጤቱን የሚጠብቁለት የሆስፒታል ምደባ በዚሁ ሐሳብ ይሠራል። ማን ጠያቂ ይሁን የሚለው እዚያ ብዙ አከራክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሠራሩ አመልካቾቹ ጠያቂ እንዲሆኑ ተደርጎ ተሻሻለ። ሌይተን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው አካማይ ኩባንያም የኢንተርኔት ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ ሲያከፋፍል ተቀራራቢ ዘዴ ይጠቀማል።

ማረጋገጫ ግን የሚይዘው የተነሳበት ግምት እስከያዘ ድረስ ነው። በቅደም ተከተል ከተደረደረ ዝርዝር አንድ ነገር ለመፈለግ መሐሉን አይቶ ግማሹን መጣል የታወቀ ስልት ነው፤ ትክክል ለመሆኑም ማረጋገጫ ተጽፎለታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 ጆሹዋ ብሎክ እሱ ራሱ በዚሁ ስልት ለጃቫ በጻፈው ኮድ ውስጥ ለ9 ዓመት ያህል የተደበቀ ስህተት መኖሩን አሳወቀ። መሐሉ የሚገኘው የግራና የቀኙን ቦታ ደምሮ ለሁለት በማካፈል ነበር። ዝርዝሩ ከቢሊዮን ሲያልፍ ድምሩ ማሽኑ ከሚይዘው 2,147,483,647 ይበልጥና ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማረጋገጫው የሚያወራው ወሰን ስለሌላቸው ቁጥሮች ነበር፣ የማሽኑ ቁጥር ግን ወሰን አለው። «ግምትህን ጻፍ» የሚል መምህር ሲያሰለች፣ የሚጠይቀው ይህን ነው።

የቀረው የመጽሐፉ ክፍል ስለ ግራፍ፣ ስለ ቆጠራ፣ ስለ ፕሮባቢሊቲና ስለ ምስጢራዊ መልእክት አላላክ ነው። እንደ እኔ ጉድለቱ ኮድ እምብዛም አለመኖሩ ነው፤ ከወረቀቱ ወደ ማሽኑ የሚያሻግረውን ድልድይ ተማሪው ራሱ መሥራት አለበት። ርዝመቱም ያስፈራል፤ ከ900 ገጽ በላይ ነው። ደግነቱ ጸሐፊዎቹ በነፃ ለቀውታል፣ በስልክም ይነበባል። የሚጀምር ሰው ኢንዳክሽን የሚባለው ምዕራፍ ላይ ሰፋ ያለ ጊዜ ቢሰጥና ጥያቄዎቹን መልሳቸውን ከማየቱ በፊት በወረቀት ቢሠራ፣ የኋለኞቹ ምዕራፎች ይቀሉታል።