ለግሸን መንገድ ባትሪ ሲገዛ አምፒር ብቻውን አይበቃም

መስከረም 21 ሲቃረብ ወደ ግሸን ማርያም የሚያቀኑ ባለመኪናዎች ጎማ ያስነፋሉ፣ ዘይት ይለውጣሉ፣ ፍሬን ያስፈትሻሉ። ባትሪው ግን ሞተሩ እስከተነሳ ድረስ አስታዋሽ የለውም። ጉዱ የሚታየው በአምባሰል ብርድ ያደረ መኪና ንጋት ላይ ቁልፍ ሲዞርለት “ቀጭ” ብሎ ዝም ሲል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ፣ ከዚያም ተራራውን ወጥቶ ያደረ ሰው በዚያች ሰዓት ባትሪ ከወዴት ይገዛል? ዕድል ከቀናው ከሌላ መኪና በገመድ ያስነሳል፤ አለዚያም ምእመናን ይገፉለታል። አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ ግን መግፋቱም አያዋጣም።

ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይትንም ያወፍራል። ሌሊቱን መብራትና ቴፕ ሲሠሩ ካደሩ ደግሞ ደካማው ባትሪ ጨርሶ ይሞታል።

በሶማሌ ተራም ሆነ በደሴ መደብሮች የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት አምፒር?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ነው። ባትሪው በመቀመጫው ልክ መሆን፣ ፖሎቹም በትክክለኛው ጎን መገኘት አለባቸው። ለምሳሌ በጃፓን አሠራር “55 ዲ 23 ኤል” የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 55 የአቅም ደረጃ እንጂ አምፒር አይደለም። “ዲ” የስፋትና የቁመት መደብ ነው፤ 23 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ነው፤ “ኤል” ደግሞ የፖሎቹን አቀማመጥ ያሳያል። ስለዚህ “75 ዲ 23 ኤል” በዚያው ቦታ ገብቶ የተሻለ ጉልበት ይሰጣል። መጨረሻው “አር” ከሆነ ግን ፖሎቹ ይገለበጣሉ፤ ገመዱ አይደርስም፣ በስህተት ከታሰረም ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል። ከልክ በላይ ረጅም የሆነ ባትሪም ፖሉ ኮፈኑን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

“ትልቅ ባትሪ ሞተሪኖ ያቃጥላል” የሚባለው ግን መሠረት የለውም። ቮልቱ እኩል 12 እስከሆነ ድረስ ሞተሪኖው የሚወስደው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

በስህተት መግዛት ዛሬ ኪስ ይጎዳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ባትሪም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ገዢው አሮጌውን ባትሪ ይዞ ሄዶ ቢያስተያይ፣ የተመረተበትን ቀን ቢያይ፣ በቮልት መለኪያም ቢያስለካ ይጠቀማል። በሚገባ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ከሆነ ከመደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይሞላና ሳይፈተሽ መቀበል አይገባም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ከጉዞው ሳምንት በፊት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።