ምጣዱ ዝም ይላል፣ ቻርጀሩ ይረብሻል

በአዲስ አበባ ነባር መንደሮች አንድ ቆጣሪ ለበርካታ ቤተሰብ የሚያገለግልበት ግቢ ብርቅ አይደለም። ወሩ ሲሞላ ሂሳቡ በምጣድ፣ በፍሪጅና በአምፖል ብዛት እየተገመተ ይከፈላል። ግምት ደግሞ ጎረቤት ያቀያይማል። የቤት ኤሌክትሪክ ፍጆታ መከታተያ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ይህን ግምት በቁጥር ሊተካ ስለሚችል በደንብ ልንተዋወቀው ይገባል።

መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ብሬከሩ አጠገብ ዋናውን ሽቦ አቅፎ የሚቀመጥ ቀለበት ነው፤ ሽቦው ሳይቆረጥ በዙሪያው ካለው መግነጢሳዊ መስክ ምን ያህል ኮረንት እንደሚያልፍ ያነባል። ሁለተኛው ሳሎን ወይም ማድ ቤት ሶኬት ላይ የሚሰካ ማሳያ ነው። አንዳንዶቹ ዓይነቶች በሁለቱ መካከል መልእክት የሚያመላልሱት በዚያው በመብራት ሽቦ ነው። በሽቦው ላይ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው 220 ቮልት አለ፤ በእሱ ላይ በሰከንድ 120 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ በጣም ደካማ ምልክት ይጫናል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የስኮትላንድ ኩባንያ ኤክስ10 የተሰኘውን የቤት መቆጣጠሪያ ሥርዓት በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የጣሊያኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤኔልም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣሪዎችን በመብራት መስመሩ በኩል ከርቀት ማንበብ ችሏል።

ችግሩ የሚመጣው ሽቦው ላይ ሌላም ድምፅ ስላለ ነው፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ እንደ ማውራት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምጣዱን በመጠርጠር ነው። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ቢስብም ሥራው ሽቦ ማጋል ብቻ ስለሆነ ለምልክቱ ያን ያህል ረባሽ አይደለም። የስልክ ቻርጀር፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ግን ኮረንቱን በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጡ ስለሚሠሩ ጫጫታቸው ምልክቱ በሚሄድበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ጥሩ ቻርጀር ይህን የሚያፍን ማጣሪያ አለው፤ ዋጋ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚቀረው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ምጣድ የሚያስጠረጥረው የተቃጠለ ወይም የላላ ሶኬት ሲኖረው ነው። ብልጭታው ምልክቱን ያደናቅፋል፤ ከዚያም በላይ እሳት ያስነሳልና ማሳያው ባይኖርም መጠገን አለበት።

ሌላ ዓይነት ጠላትም አለ፤ አይጮህም፣ ምልክቱን ይውጣል። አንዳንድ ስታቢላይዘርና ከመብራት መዋዠቅ ይከላከላሉ የሚባሉ ዲቫይደሮች በውስጣቸው ያለው ማጣሪያ ጠቃሚውን ምልክትም እንደ ረብሻ ቆጥሮ ያስቀረዋል። ስለዚህ ማሳያውን በእነሱ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካት ነው።

ማሳያው ቁጥር ማሳየት ሲያቆም በመጀመሪያ ለብሬከሩ ቅርብ ወደሆነው ሶኬት ይወሰድ። እዚያ ካነበበ መሣሪያው ደህና ነው፤ ችግሩ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ማሳያው ወደ ቦታው ይመለስና ሌላው የቤቱ ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ይነቀል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ የተሰካ ቻርጀር ስልክ ባይኖርበትም ሥራ ላይ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እየሰኩ ቁጥሩ መቼ እንደሚጠፋ ማየት ነው። በባትሪ የሚሠራ አሮጌ ሬዲዮ ያለው ሰው ደግሞ በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ከፍቶ ወደ ዕቃዎቹ ያስጠጋው፤ ጥፋተኛው አጠገብ ሲደርስ ጩኸቱ ይጨምራል። ቤቱ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ቀለበቱ ያለበት ላኪና ማሳያው በተለያየ ፌዝ ላይ ወድቀው ሊሆንም ይችላል። ብሬከር ሳጥን መክፈት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ የታሸገ ቆጣሪ ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ማሳያው ዝም ስላለም ቆጣሪው መቁጠሩን አያቆምም።

በጋራ ግቢ ግን የራስን ቤት መፈተሽ አይበቃም። በአንድ ቆጣሪ ሥር ያለ ሽቦ አንድ በመሆኑ የእነ እትዬ ሪሲቨር የማዶውን ቤት ማሳያ ሊያደነቁር ይችላል። ቁጥሩ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ለምሳሌ ምሽት ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሰዓቱን መዝግቦ፣ «እትዬ፣ ይህን ለአምስት ደቂቃ ይንቀሉልኝ» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መለኪያ በላይ ይሠራል። ጥፋተኛው ከተገኘ ረብሻውን የሚያፍን ማጣሪያ የሚገባው ከዕቃው ጎን፣ ሶኬቱና መሰኪያው መካከል ነው። በግቢው ውስጥ ረባሽ ዕቃ ከበዛ ደግሞ መልእክቱን በሽቦ ሳይሆን በሬዲዮ ሞገድ የሚልክ ዓይነት መግዛት ይሻላል።