384

ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ጥቂት የማስተርስ ተሲሶች አውርዱና ሦስተኛውን ምዕራፍ ግለጡ። የናሙናው መጠን 384 የሆነ ሳታገኙ አትወጡም። ጥናቱ የጤና ከሆነ 423ን ፈልጉ፤ ጠንቀቅ ያለ ተማሪ ከሆነ ደግሞ 634 ወይም 845። ርእሱ የደም ግፊት ይሁን የባንክ ደንበኞች እርካታ፣ ቦታው ጎንደር ይሁን ጅማ፣ ቁጥሩ ያው ነው። የተማሪ ረቂቅ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ከ384 ጋር እንደ ሰፈር ሰው ተላምደናል። ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ግን አብዛኛው “ፎርሙላው ነው” ብሎ ያልፈኛል።

ፎርሙላው የሚጠራው በዊልያም ኮክራን ስም ነው፤ ስኮትላንድ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረ፣ ስለ ናሙና አወሳሰድ የጻፈው መጽሐፍ በ1953 እ.ኤ.አ. የታተመለት የስታቲስቲክስ ሊቅ። ስሌቱ በስልክ ካልኩሌተር ያልቃል። 1.96ን በራሱ አባዙ፤ በ0.5፣ አሁንም በ0.5 አባዙት፤ ከዚያ 0.05 በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው አካፍሉ። 384.16 ይመጣል። 1.96 ማለት “ጥናቱን መቶ ጊዜ ብደግመው፣ 95 ጊዜ ያህል እውነቱ ከምሰጠው ክልል አይወጣም” ነው። 0.05 ደግሞ “አምስት ከመቶ ወዲህ ወይም ወዲያ ብስት ይቅር በሉኝ” ነው። 0.5 “መልሱ ስንት እንደሚሆን ምንም ፍንጭ የለኝም” የሚል ኑዛዜ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ሲባል ስሌቱ ትልቁን ናሙና ስለሚጠይቅ ለማያውቅ ሰው የሚያዋጣው እሱ ነው። ይህን የሚናዘዘው ተማሪ፣ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ በዚያው ርእስ ላይ የተሠሩ ሃያ ጥናቶችን ዘርዝሮ መጨረሱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ለማይመልሱ ሰዎች አሥር ከመቶ ሲጨመርበት 423 ይሆናል። ሰዎቹ በየሰፈሩ በጅምላ ከተመረጡ ጎረቤትና ጎረቤት ስለሚመሳሰል፣ መጀመሪያ በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል፤ 634ና 845 የሚወለዱት እዚያ ነው። በኮክራን ፈንታ የያማኔ የተባለውን ሌላ ፎርሙላ የሚመርጡት ደግሞ 400 አካባቢ ያርፋሉ።

ከስሌቱ የጎደለ ነገር አስተውላችኋል? የሕዝቡ ብዛት የለበትም። ለሐረሪ ክልል 384፣ ለኦሮሚያም 384። ስድስት መቶ አባወራ ላላት ቀበሌ ማስተካከያ ተደርጎ ወደ 234 ይወርዳል፤ ሕዝቡ ከመቶ ሺህ ካለፈ በኋላ ግን ቁጥሩ አይነቃነቅም። ይህ ለብዙ ሰው አይዋጥለትም። እህል በረንዳ ለሚውል ሰው ግን አዲስ ነገር አይደለም። ነጋዴው አንድ ኩንታል ጤፍ ይግዛ አንድ መኪና ሙሉ፣ መዳፉ ላይ የሚያየው እፍኝ ነው። የሚያሳስበው የእፍኙ ትልቅነት ሳይሆን እጁ የገባበት ቦታ ነው። ከአፉ ማኛ አልብሶ ከሥር ሠርገኛ የሚሞላ ሻጭ መኖሩን ስለሚያውቅ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ይሰደዋል።

ኮክራን ሲያሰላ፣ እጁ እስከ ክርን ገብቷል ብሎ ነው። 384ቱ በዕጣ የወጡ ሰዎች ናቸው ብሎ ነው። ዕጣ ለማውጣት ደግሞ የሁሉም ስም ያለበት ዝርዝር ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሞ መጠይቅ የሚያድል ተማሪ ዝርዝር የለውም፤ የሚያገኘው የታመመውን፣ ከታመመውም መምጣት የቻለውን፣ ከመጣውም ቆሞ ለመመለስ ትዕግሥት ያለውን ነው። ረቂቁ ላይ ግን “በቀላል የዕጣ ዘዴ ተመረጡ” ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ትክክል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት።

ዝርዝር የሌለበት አገር ውስጥ ዝርዝር እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ፣ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትን ሪፖርት መጨረሻ ላይ ያለውን አባሪ ያንብብ። ማንም የማያነበው ክፍል ነው፤ ለእኔ ግን ከሪፖርቱ ሁሉ የሚጥመው እሱ ነው። የ2008 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ አገሪቱ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ላይ ተሸንሽና ነበር፤ አንዱ ቦታ በአማካይ 181 ቤተሰብ ይይዛል። ከእነዚህ መካከል 645 ቦታዎች ወጡ፤ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር። ዕጣው በየክልሉ፣ ለከተማና ለገጠር ለየብቻ ነው የወጣው፤ ብዙ ቤተሰብ ያለበት ቦታም የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ ችኩል ሰው ወደ ቃለ መጠይቁ ይሮጣል። የቆጠራው ዝርዝር ግን ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ የፈረሰ ቤት አለ፣ አዲስ የተቀለሰ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ መዝጋቢዎች በእግር ይሄዳሉ። የቦታውን ድንበር ይዞራሉ፣ ንድፍ ካርታ ይሥላሉ፣ ቤቱን ሁሉ እንደገና ቁጥር ይሰጡታል። ከዚህ አዲስ ዝርዝር ውስጥ 28 ቤተሰብ ይመረጣል።

181 ቤተሰብ ተመዘገበ እንበል። ለ28 ሲካፈል 6.46 ነው። መነሻው በዕጣ 4 ወጣ። አራተኛው ቤት፣ አሥረኛው፣ አሥራ ሰባተኛው፣ ሃያ ሦስተኛው እየተባለ ይወርዳል። ጠያቂዋ አሥራ ሰባተኛው ቤት ደረሰች፤ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከአጥሩ ማዶ ያሉ እናት ብቅ ይላሉ። “እሷ ገበያ ወርዳለች። እኔን ጠይቂኝ እንጂ ልጄ፣ እኔም ወልጃለሁ። ግቢ፣ ቡናው ደርሷል።” ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የቀኑ ኮታ ገና ነው፣ የቡናው ሽታ አጥሩን አልፏል።

አትገባም። የተመረጠ ቤት በሌላ ቤት አይተካም፤ ደንቡ ይኸው ነው። እሳቸውን ብትጠይቅ ጥናቱ ሳያስበው ቤት የሚውሉ ሴቶች ጥናት ይሆናል። ጉሊት የምትውለው፣ ቀን ሥራ የወጣችው፣ ቢሮ ያለችው ከቁጥሩ ትሳሳለች። ስንት ልጅ እንደወለደች፣ ወሊድ መቆጣጠሪያ ትጠቀም እንደሆነ የምትሰጠው መልስም ከቤት ዋዮቹ ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ማታ ተመልሳ ትመጣለች፤ ካጣቻት ነገም።

ሐረሪንና ጋምቤላን የመሰሉ አነስተኛ ሕዝብ ያላቸው ክልሎች ከድርሻቸው በላይ ናሙና ይሰጣቸዋል፤ አለዚያ ስለእነሱ ለብቻ የሚነገር ነገር አይኖርም። የአገሪቱ አማካይ ሲሰላ ትርፉ በክብደት ይቀነሳል። በዚህ መንገድ ነው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. 58 ከመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 38 ከመቶ ነበሩ ማለት የተቻለው።

ሁሉም እንደታሰበው አይሄድም። በ2003ቱ ጥናት 624 ቦታዎች ተመርጠው የተጠናቀቁት 596 ናቸው። የቀሩት 28 ሁሉም ሶማሌ ክልል ነበሩ፤ ድርቅና የጸጥታ ችግር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። አሥር ከመቶ መጨመር ይህን አይጠግንም፤ ድርቅ ያስቀረው ቤት በዝናብ አገር ቤት አይተካምና። ሌላም አለ። ዕድሜ ሲጠየቅ ሰው 30፣ 35፣ 40 ማለት ይወዳል። ጠያቂውም ቅዱስ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ረጅሙን የክትባትና የሕመም ጥያቄ ታስከትላለች፤ ደከም ያለው ጠያቂ አራት ዓመት ተኩሉን ልጅ አምስት አስሞልቶ ይገላገላል። በዚህ ዓይነት ጥናት የታወቀ በሽታ ነው፤ ናሙና በማብዛትም አይድንም።

አንድ የሚገርመኝን ልጨምር። ተደጋግሞ የተራዘመው አራተኛው ቆጠራ ካርታው ተሠርቶለት ነበር። 149,093 የቆጠራ ቦታዎች ተዘጋጅተው ቆጣሪ ሳይገባባቸው ቀሩ። የ2011ዱ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 305 ቦታዎቹን የመረጠው ከእነዚሁ ነው። ያልተደረገ ቆጠራ፣ ለናሙናው ጠቀመ።

ረቂቅ ይዞልኝ የሚመጣ ተማሪን ፎርሙላውን አልጠይቀውም፤ አንድ ገጽ ሙሉ እንደሚሠራልኝ አውቃለሁ። የምጠይቀው ዝርዝሩን ማን እንደሠራው፣ ስንት በር ተዘግቶ እንዳገኘና ያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ነው። ብዙዎቹ “ሁሉም መልሰዋል” ይሉኛል። በ2008ቱ ጥናት 18,008 ቤተሰቦች ተመርጠው፣ ሰው የሚኖርባቸው 17,067 ሆነው ተገኙ፤ ቃለ መጠይቁ የተሳካው 16,650 ላይ ነው። ያመለጡት 417 ናቸው፤ እነሱ ብቻቸውን ከ384 ይበልጣሉ፣ ሪፖርቱም አልደበቃቸውም።